ከዳገቱ ወገብ ስለተነሡት አራት ድንጋዮች

ለክቡር የሰፈራችን የውበትና ጽዳት ኃላፊ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? አላህ እንዳማረብዎት ያቆይዎት። እኔ ሚስባህ እባላለሁ፤ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ ዓይኔ ቢደክምም መቀሴን ያልጣልኩ ሽማግሌ ነኝ። የምጽፍልዎትም ለምስጋና ነው።

ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ አራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ባጃጅ ስለማይገባበት ሽማግሌው ሁሉ ዳገቱን የሚወጣው እነሱ ላይ አረፍ እያለ ነበር። እኔም ከሱብሂ ሶላት መልስ ወዳጄን ካሳዬን ከደጁ እጠራውና፣ እሱ በፕሮቴስታንት መዝሙሩ እኔ በዚክሬ ቀስ እያልን እንወጣለን፤ እሱ ድንጋዩ ላይ ትንፋሹን ሲሰበስብ እኔ በትልቁ ድንጋይ ጠርዝ መቀሴን እሞርዳለሁ። ሰኔ ላይ ድንጋዮቹን ለከተማዋ ውበት ሲባል አስነሡልን። ውበቱ ወላሂ እስካሁን አልታየኝም፤ እንዳልኩዎት ዓይኔ ደክሟል።

አንደኛ፦ ካሳዬ ስኳር አለበት፤ ሐኪሙም በየቀኑ ካልተራመደ እግሩን እንደሚያጣ ነግሮታል። ድንጋዮቹ ከተነሡ በኋላ ዳገቱን አንድ ቀን ሞክሮ መሃል ላይ ተንበረከከ፤ መንገደኞች ደግፈው መለሱት። አፍሮ ይኸው ሦስት ወሩ ከበሩ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ብሄድ ባቱ ቀጥኖ ክንድ አክሏል። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ካለቀስኩ ብዙ ዓመቴ ነበርና ለዚህም አመሰግንዎታለሁ።

ሁለተኛ፦ ድንጋዮቹ በተነሡ በሳምንቱ ደግሞ የነበሩበት ቦታ ላይ አረጋውያን በቀን ሠላሳ ደቂቃ እንዲራመዱ የሚመክር ባነር ሰቀሉልን። ባነሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ሜዳ ላይ ፈገግ እያሉ ነው የሚራመዱት። ያ ሜዳ ደሴ ውስጥ የት እንዳለ ብጠይቅ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ፤ ኮምቦልቻ ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ይለቅልን ማለትዎ ይሆን? አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ እኔ እርስዎን አልጠረጥርም።

ሦስተኛ፦ ሦስቱ ድንጋዮች ተሰባብረው ቦዩ ውስጥ ወድቀዋል። ትልቁ ግን የለም። አራት ሰው አምጦ የሚያነሣው ድንጋይ ባነሩን አንብቦ ካልሆነ በቀር በእግሩ እንደማይሄድ አስቤ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጣሁ። ሠራተኛዎ ስለ ምንም ድንጋይ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ትልቁን በተለይ በዓይኗ እንዳላየችው ጨመረችልኝ። እኔ ስለ ትልቅ ድንጋይ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር። ጉድ እኮ ነው።

ስለ እርምጃችን ሌት ተቀን ለሚጨነቁልን ለእርስዎ፣ ምስጋናው ከዳገቱ የረዘመ፣ ትንፋሹ ግን እኩሌታው ላይ የሚያልቅበት አክባሪዎ፣

ሚስባህ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ደሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በቤትዎ በኩል ሳልፍ እናትዎን ወይዘሮ ሐዋን ከግቢው በር ጥላ ሥር አረፍ ብለው አገኘኋቸው። ማሻአላህ፣ ፊታቸው ፈክቷል። ጉልበታቸው ተሳስሮ ቤት ይውሉ እንደነበር፣ ልጃቸው ሰኔ ላይ መቀመጫ ካመጣላቸው ወዲህ ግን በየቀኑ እስከ ጎረቤት ደርሰው እየተመለሱ እንደሚያርፉበት እርስዎን እየመረቁ አጫወቱኝ። ሊሸኙኝ ሲነሡ ድንጋዩን አየሁት፤ ጠርዙ ላይ የመቀሴ ጭረት አለ። አደራዎን፣ እሳቸውን እንዳያስነሡብኝ፤ ምን አጠፉ? ለካሳዬ ግን ሌላ አንድ ድንጋይ ይፈልጉለት። እሱም የሰው አባት ነው።