በዝናብ የተነፋው ክላርኔት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና አባባ ጉንፋን ይዞን ሰነበትን እንጂ ሌላው ደህና ነው። ሰላምታው ይኸው ነው። አሁን ልቆጣህ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስለ አባባ የቅዳሜ ኮንሰርት ስደውልልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ። «ዮርክሻየር ውስጥ ቅዳሜ የማይዘንብበት ጊዜ አለ እንዴ? ይሰረዛል፤ አትጠብቁኝ» አልከኝ። ሐኪሙ አባባን ከእንግዲህ ክላርኔት መንፋት ይቅርብህ ብሎታል፣ ከመንደሩ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት ይኼ የመጨረሻው ነው ብዬ ለመንኩህ። አንተ ግን የእማማን ቀብር አነሳህብኝ። አዎ፣ በቀበርናት ዕለት ማታ ክላርኔቱን ይዞ ልምምድ ሄዷል። እኔም ተቀይሜው ነበር። አንተ ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥክም፤ እኔ በማግስቱ ቁርሱን ሠራሁለት።

እንዳልከው ዘነበ። የመጀመሪያው ዜማ ሳያልቅ ኦርኬስትራው የሚጫወትበት የአሮጌው ግንብ ቤት ሜዳ ጭቃ ሆነ። የኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ ዣንጥላ ዘርግቶ የራሰ ሳንድዊቹን እየበላ «ካፊያ ናት፣ ታልፋለች» ይላል። ጎረቤታችን ሚስስ ፔቲፈር ፌስታል ራሷ ላይ አጥልቃ ከፊት ወንበር ንቅንቅ አላለችም። ነጎድጓዱ ሲመጣ ግን ግማሹ ሰው ወደ መኪናው ሮጠ። ኦርኬስትራውን የሚመራው ዴዝመንድም አባባን «ይብቃን ኦብሪ፣ ክላርኔትህ ይሰነጠቃል» አለው። አባባ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ብቻዬን የምጫወታት ዜማ አለችኝ። እሷን ሳልጫወት አልሄድም። የፈለገ ይሂድ።»

ተጫዋቾቹ የተጠለሉበት ድንኳን በላዩ ላይ ያፈስ ስለነበር ሄጄ ዣንጥላ ያዝኩለት። ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በየመሃሉ እየሳለ ተጫወተ። ቀና ስል ከአጥሩ ማዶ መኪናህን አየሁት። መስኮቱ እስከ ታች ወርዷል፣ ክርንህ ዝናቡ ላይ ነው። መጣ፣ አሁን ይወርዳል አልኩ በልቤ። የቀረው ሰው በራሰ እጁ ሲያጨበጭብ አንተ ሞተርህን አስነሥተህ እብስ።

ጭራሽ ባትመጣ ይሻለኝ ነበር። ለቀረ ሰው ሰበብ ይፈለግለታል። መጥቶ፣ ሰምቶ፣ የሽማግሌ አባቱን እጅ ሳይጨብጥ የሚሄደውን ምን ልበለው? አፈርኩብህ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ እንዳያዝን ብዬ ስላንተ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ግን ከጎኔ ተቀምጦ፣ ውኃው ከኮቱ እየተንጠባጠበ፣ «መስኮቱን ከፍቶ ነበር እኮ፤ አየሽው?» አለኝ። ቤት እስክንደርስ ፈገግ እንዳለ ነበር። እማማ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። ዣንጥላውን ወደ እሱ አዘንብዬ ስለያዝኩት የእኔ ግማሽ ገላ በስብሷል። አንቺስ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እሁድ ብቻዬን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ልሄድ ነው። ጥብሱን ምድጃ ውስጥ ትቼለት እወጣለሁ፤ ለአንድ ሰው ይበዛል። የቤቱ ቁልፍ ድሮ የምናስቀምጥበት ቦታ ነው። ጆሮው ስለደከመ ስታንኳኳ ላይሰማህ ይችላል፤ ዝም ብለህ ግባ። ቢያለቅስ አትደንግጥ።

እግዜር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ የአንተንም ልብ ያራራልህ።

ያኮረፈችህ እህትህ