ከጄኔቭ ሳንጠይቅህ የተመለስንበት ምክንያት

ዙሪክ፣ ቪዲኮን
ሰኔ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሀብተሥላሴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከኅሩይ ክንድ በቀር ደህና ነን። እሁድ ጄኔቭ ድረስ መጥተን አንተ ያለህበት ሜራን ብቅ ሳንል በመመለሳችን ማዘንህን ጎረቤትህ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በስልክ ነገሩኝ። ከሰው ከምትሰማ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

የልጃችን የቤዝቦል ቡድን ከጄኔቭ ልጆች ጋር ይጋጠም ነበር። አሰልጣኙ አቶ ሞሪታ፣ ጃፓን ሳሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሠለጥኑ ነበር። ዛሬ እዚሁ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን በሚገኝ ሆቴል ይሠራሉ። ልጅ የሚጠነክረው አልችልም ካለበት አልፎ ሲሄድ ነው ይላሉ፤ በልምምድ ላይ ውኃ እንኳ ይከለክላሉ። ይህን ስነግርህ፣ «ሰው የሚያደርገው ይሄ ነው» ብለኸኝ ነበር። ረዳታቸው ኦካ ደግሞ እዚያው ጃፓን ያሠለጠኑት ልጅ ነው። ለምን እንደሚሮጥ የገባው ልጅ የተሻለ ይሮጣል ባይ ነው። በመምህሩ ፊት ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ኅሩይ ኳስ በወረወረ ቁጥር ክርኑን ከጎኑ ጋር ያጣብቃል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወርውር!» ይላሉ አቶ ሞሪታ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ኦካ ቀድሞኝ ሜዳ ገባና ልጁ ፊት ቆመ። ኅሩይም እንዲሰማ ብሎ በጀርመንኛ፣ «አሰልጣኝ፣ መጀመሪያ እንጠይቀው» አለ።

«ውጣ ከሜዳው!»

«አልወጣም።» ኦካ ዞር ብሎ፣ «ኅሩይ፣ ያምሃል?» አለው።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ምት እንደሚጠብቅ ዓይኑን ጨፈነ። ያን አኳኋን አብረን ከኖርንበት ቤት አውቀዋለሁ፣ ሀብተሥላሴ።

ከዚያ ቀስ ብሎ በአማርኛ፣ «ያመኛል» አለ። ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም። ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ፣ «ያመዋል! ያመዋል ነው የሚለው!» ብዬ በጀርመንኛ ጮኽኩ።

ከሜዳው በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድን። ጅማቱ ተጎድቷል፤ ትንሽ ቢጨምር ኖሮ ክንዱ እንደ ድሮው አይሆንም ነበር አለን ሐኪሙ። ስንወጣ የቀረን ለባቡር የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ትናንት አቶ ሞሪታ ቤታችን መጡ። ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። በር ላይ እንደቆሙ፣ «እኔን በልጅነቴ ማንም አልጠየቀኝም» ብለው ለኅሩይ ዝቅ ብለው እጅ ነሡት። እሱም ግራ ገብቶት አብሮ ጎንበስ አለ።

ለሐምሌ አቦ ልምጣ ያልከውን ለኅሩይ ነገርኩት። «ይምጣ» አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ «እማዬ፣ ያን ቀን አንቺ ሥራ አትሂጂ» አለ።

ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

ድንግል ማርያም መንገድህን ታቅናልህ፤ ልብህንም ታለስልስልህ።

ፈትለወርቅ