ዙሀይራ ስላላለችው ቃል ለ«ጥንድ ስጦታ» ድርጅት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የ«ጥንድ ስጦታ» የበጎ አድራጎት ድርጅት የኢትዮጵያ ተጠሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ነገሩ ያገባኛል ለሚል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለቢሮዎ ባልደረቦች በሙሉ ሰላምንና ጤናን፣ በተለይም የዓይን ጤናን እመኛለሁ። እኛም በዚህ በባሌ ደጋ ውርጩ ቢከፋም ገብሳችን ተርፎልን፣ መንገዱም ዝናቡ ስላባራ ለጋሪ ተመችቶልን፣ ፈጣሪ ይመስገን አለን።

ስሜ ጉርሜሳ አያና ይባላል። ከሮቤ ወደ ገሰራ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኘው በቡርቃ ዲማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ ድምፄን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ድርጅትዎ በ2001 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን በቀረጸው ፊልም ላይ፣ አረንጓዴ ኮምፒውተር ከታቀፈችው ልጅ አጠገብ ቆሞ የሚያስተረጉመው ሰው እኔ ነኝ። ለሁለተኛው ዙር ዘመቻ ያቺው ልጅ፣ ዙሀይራ ከሊል፣ ዳግመኛ እንድትቀረጽ፣ እኔም ዳግመኛ እንዳስተረጉም የጋበዙበት ትሕትና የተመላበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በግል የተጠየቅሁትን በአደባባይ በመመለሴ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ መልሴን ከማቅረቤ በፊት እስካሁን ሳላደርስ የቆየሁትን ምስጋና በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

፩. ስለ ኮምፒውተሮቹ አመሰግናለሁ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ደግ አባት ለልጁ አንድ ሲገዛ፣ ሌላው ለእኛ ልጅ እንዲላክ ማሰባችሁ በእውነቱ የሚያስመሰግን ነው። የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት ትምህርት ቤት በመብራት የሚሠራ ዕቃ ማደላችሁም አርቆ አሳቢነታችሁን ያሳያል፤ ልጆቻችን በገበያ ቀን ኮምፒውተራቸውን በጋሪ ይዘው ሮቤ፣ አሊዪ የሚባል ነጋዴ የሞባይል ባትሪ ከሚሞላበት ሱቅ ሲመላለሱ ከተማ ለምደዋልና። በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩ ሕፃናት እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ማሽን መላካችሁ ደግሞ የእኔን የእንግሊዝኛ መምህሩን ክብር ከፍ አድርጎታል፤ በየደጁ «ይሄ ደግሞ ምን እያለ ነው?» እየተባልሁ የምጠራ ሰው ሆኜ ነበር። በየቤቱም ክዳኑ ተከፍቶ በብርሃኑ ራት ይበላ ጀመር። ከኩራዝ ይሻላል፣ አይጨስም።

እዚህ ላይ ፌዙን ልተወውና እውነቱን ልናገር፤ ልጆቹ ወደውት ነበር። ከሁሉም አብልጣ የወደደችው ዙሀይራ ናት። ያን ጊዜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትውል፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አንብቢ ስትባል ዝም የምትል ልጅ ስለነበረች፣ እኔ ሰነፍ አድርጌ ይዣት ነበር። ኮምፒውተሩን ካገኘች ወዲህ ግን እንደ መስታወት ፊቷ ላይ ለጥፋ ፊደል በፊደል እየለቀመች ማንበብ ጀመረች። ስለዚህ እርስዎ ልጆቹን የሚረዳ ነገር ላክሁ ቢሉ አልዋሹም። የዋሸው ሌላ ሰው ነው፤ አሁን ወደ እሱ እመጣለሁ።

፪. ስለ ቀረጻው ዕለት አመሰግናለሁ። በማለዳው ዳይሬክተራችን አቶ ሁንዴ ወደ ቢሯቸው ጠርተውኝ፣ «ጉርሜሳ፣ እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ይሂዱ። ዛሬ ቅሬታ የሚባል ነገር እንዳይነሳ፤ የወረዳው ሰዎችም አብረው ይመጣሉ» አሉኝ። በአገራችን ችግርን በእንግዳ ፊት መናገር ልማትን ከማደናቀፍ ሊቆጠር እንደሚችል ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ነጭ ሻርፕ ያደረገችው እንግዳችሁ ካሜራው ከተስተካከለ በኋላ ጎንበስ ብላ ዙሀይራን፣ ኮምፒውተሩ ምን እንዳደረገላት ጠየቀቻት። እኔም በኦሮምኛ አስተላለፍሁ። ዙሀይራ ጥቂት አሰበችና እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር አይታየኝም። ዓይኔን ያመኛል። ይሄኛው ግን ወደ ፊቴ ስለማቀርበው ይታየኛል። ለዓይን የሚሆን ነገርም ካላችሁ ስጡኝ በላቸው።»

እንግዳዋ ዞር ብላ አየችኝ። የወረዳው ሰዎችም አዩኝ። አቶ ሁንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም ድምፄን አሳምሬ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ይህ ኮምፒውተር ዓይኔን ከፈተልኝ ትላለች» አልሁ።

ፈርቼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀልለኝ ነበር። ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ዓረፍተ ነገሩ አምሮኝ ነበር። እንግዳችሁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ባየሁ ጊዜ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ጀምሮ ያስተማርሁት እንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ልብ ውስጥ የገባ መሰለኝ። እንደገና ትበልልን ተባለ። ዙሀይራም ያንኑ ልመናዋን ቃል ሳትለውጥ ደገመችው፤ እኔም ያንኑ ውሸቴን ቃል ሳልለውጥ ደገምሁት። ከዚያም ጭብጨባ ሆነ። ዙሀይራ መልእክቷ የደረሰላት መስሏት እሷም አጨበጨበች።

፫. ስለ ዝምታችሁ አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ ያልተነገራችሁን ባለመመለሳችሁ ልወቅሳችሁ ባልችልም።

የዙሀይራ እናት ዙቤዳ ትባላለች፤ በሮቤ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ቃሏን የምታከብር ሴት ናት። ከቀረጻው በኋላ ትምህርት ቤት ብቅ እያለች፣ «በርሲሳ፣ ከእንግዶቹ የመጣ ነገር አለ?» ትለኝ ጀመር። በርሲሳ ማለት በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ አንዳንድ ቀን ከማዕረጌ ይልቅ ስድብ ሆኖ ይሰማኛል። ስለ ሁለተኛ ኮምፒውተር የምትጠይቀኝ መስሎኝ «ገና ነው» እያልሁ እመልሳት ነበር። መስሎኝ ስል እንኳ እየዋሸሁ ይሆናል። ስለ ልጅቷ ዓይን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያልሁ ፈተና ደረሰ፤ ፈተናው ሲያልፍ ክረምት ገባ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ዙሀይራ አልመጣችም። ቤታቸው ስሄድ ጨለም ካለው ጥግ፣ ነጠላ በዓይኗ ላይ ጥላ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀኝ ዓይኗን ነጭ ነገር ጋርዶታል። ያንኑ ዕለት ከእናቷ ጋር ሆነን ጎባ ወሰድናት። የመረመራት ሐኪም መብራቱን አጥፍቶ፣ «ይህ እኮ ሲጀምር በጠብታና በቅባት የሚድን ነበር። ግራው ይተርፋል፤ ቀኙ ግን ቆስሎ ጠባሳ ይዟል። ምነው እስከዚህ ድረስ ዝም አላችሁ?» አለ።

«ዝም አላልንም» አለች ዙቤዳ፣ እንደ መገረም ብላ። «የፈረንጆቹን መልስ እየጠበቅን ነው። ልጄ በገዛ አፏ ነግራቸዋለች፤ በርሲሳም አስተላልፈውላታል።» ይህንንም ስትል ለሐኪሙ ምስክር እንደምታቀርብ፣ በአክብሮት፣ በሁለት እጇ አሳየችኝ።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ይህ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር። ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ ግን፣ «ለመሆኑ እስከዛሬ ምነው ዝም አሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «አገራቸው ሩቅ ነው፣ ሃዳ ዙሀይራ። መልስ ይዘገያል» አልኋት። የልጅ እናትን በእኛ ዘንድ ሃዳ እገሌ ብሎ መጥራት ማክበር ነው። እኔም አክብሬ ዋሸኋት።

፬. ስለ ቀን መቁጠሪያው ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ኅትመቱ የጠራ፣ እንዲህ ያለ ለመምህራን ክፍል ቀርቶ ለወረዳ አስተዳዳሪ ግድግዳ የሚበቃ ነው። አቶ ሁንዴ ለተማሪዎች ኩራት ይሁን ብለው በስድስተኛ ክፍል ውስጥ ሰቀሉት። በሽፋኑ ላይ ዙሀይራ ናት። ከሥሯ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ያ ዓረፍተ ነገር ከነስሟ ተጽፏል።

ዙሀይራ ወደ ትምህርት ተመልሳ ነበር፤ መነጽር አድርጋ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ፎቶዋን ለማየት ተነሥታ ሄደች፤ በግራ ዓይኗ ወረቀቱን ልትነካው እስክትደርስ ተጠግታ ቃል በቃል አነበበችው። አንድም ቃል አልሳተችም። ለአንዲት ቅጽበት፣ አያድርስብዎ፣ ኮራሁባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በርሲሳ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አላልሽም» አልኋት።

«ታዲያ ማን አለው?»

«እኔ ነኝ።»

ሄዳ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። ሌሎቹ ልጆች ግን እስከ ደወሉ ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም፤ እኔም እስከ ደወሉ ድረስ ስለ ኃላፊ ጊዜ ግስ አስተማርሁ።

የዚያን ቀን ከትምህርት በኋላ ዙቤዳ ቤት ሄድሁና ሁሉንም ነገርኋት። ልጇ ምን እንዳለች፣ እኔ ምን እንዳልሁ፣ ጭብጨባው ለምን እንደነበረ፣ ምን መልስ ስትጠብቅ እንደከረመች። እንድትጮኽብኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከቤቷ ብታስወጣኝም መንገዱን አውቀዋለሁ። እሷ ግን የምትፈለፍለውን ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠች።

«እንግዲያው አልሰሙንም ማለት ነዋ» አለች። «እኔ እኮ ሰምተው የናቁን መስሎኝ በየሶላቱ ስረግማቸው ነበር። አስተግፊሩላህ። ያልሰማ ሰው ስረግም ከረምኩ።»

እኔን አልረገመችኝም። እርግማኑን ወደ ማን ማዞር እንዳለባት ለመንገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን ሽንኩርቷን አነሣች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለጥሪዎ መልሴ ይህ ነው። አልመጣም። ኮምፒውተሮቹን አታስቀሩብን፤ ልጆቹ ያለ እነሱ ምን እንደሚሆኑ ማየት አልሻም፣ አሊዪም ደንበኞቹን ያጣል። ነገር ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የእኔ ንብረት ስለሆነ እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። መመለስ ከባድ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለውን የዙሀይራን ስም ፍቃችሁ የእኔን ጻፉበት። ፎቶግራፍም ካስፈለገ የራሴን ወዲያውኑ እልካለሁ፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ደኅና ናቸው፣ በፎቶም ጥሩ ይወጣሉ።

ሥራዎ የተቃና፣ ለጋሾችዎ የበዙ፣ ቀጣዩ አስተርጓሚዎም ከእኔ ያነሰ አንደበተ ርቱዕ እንዲሆኑልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮትና ከአክብሮቴ በሚበልጥ ኀፍረት እሰናበታለሁ።

ጉርሜሳ አያና
በቡርቃ ዲማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር፣ የዘመቻዎም ደራሲ
ሮቤ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለዙሀይራ በኦሮምኛ አነበብሁላት። እናቷ ይቅር ብትላችሁም እሷ አንድ ጥያቄ አለኝ ብላ በደብዳቤው መጨረሻ እንድጽፍላት አዘዘችኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ቃል በቃል ተርጉሜዋለሁ። «ፊልሙን ድጋሚ እዩት። ያን ሁሉ ስናገር ጣቴን ዓይኔ ላይ አድርጌ ነበር። ለሱም አስተርጓሚ ያስፈልጋችኋል?»