ከነፕላስቲኩ የተተከለው ተራራና የመርሳ ዝንጀሮዎች

ለተከበሩ የተራራ ልማት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የመርሳ ሙቀት ቢበረታም ከማራገቢያዎ ሥር ጤናዎ እንደተጠበቀ አምናለሁ። እኔ እታፈራሁ ተፈራ፣ ከከተማው በላይ ያለውን የተከለለ ተራራ እንድጠብቅ በቀበሌው ሕዝብ ከተመረጥሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ለዋሉልን ውለታ ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

1. ባለፈው ክረምት ስድስት ሺህ ችግኝ በግማሽ ቀን እንድንተክል ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ለጉድጓዱ ቦታ እንዲገኝ ዝንጀሮዎቹ ፍሬውን የሚበሉት ቀጋና አጋም ተመነጠረ፤ ችግኙ የበቀለበትን ፕላስቲክ መቅደድ ጊዜ ይፈጃል ስለተባለም ችግኙ ከነፕላስቲኩ ተቀበረ። የሚበሉት ያጡት ዝንጀሮዎችም ወደ ማሽላችን ወረዱ።

2. ችግኙ ሲደርቅ ሪፖርትዎ ዝንጀሮ ነቀለው አለ። እውነት ነው፣ የተወሰነውን ነቅለዋል። አንዲት እናት ዝንጀሮ ነቅላ፣ ፕላስቲኩን በጥርሷ ቀዳ ጥላ ሥሩን ስትበላ ቆሜ አይቻለሁ፤ ልጇም እሷን አይቶ እንዲሁ አደረገ። በዚያ ዘመቻ ፕላስቲኩ መውለቅ እንዳለበት የገባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

3. ዝንጀሮ አያስብም ያሉት ባለሙያዎ የመሥሪያ ቤቱን ሰደርያ ያለበሱትን የጭድ ሰው ማስፈራሪያ ማሳው ላይ ስላቆሙልን እናመሰግናለን። ዝንጀሮዎቹ ሦስት ቀን በሩቁ አጠኑት። ቆሞ ከመዋል በቀር ምንም እንደማይሠራ ሲረዱ በአራተኛው ቀን ትከሻው ላይ ወጥተው ቅማል ተለቃቀሙ። እኛ ስለ መሥሪያ ቤትዎ ይህንኑ ለመረዳት ሰባት ዓመት ፈጅቶብናል።

4. አሁን ደግሞ አንድ ኬሻ የተመረዘ በቆሎ ልከው እስከ ዓርብ ከምንጩ አጠገብ እንድበትን አዘውኛል። ከዚያ ምንጭ የምንጠጣው እኛም ከብቶቻችንም ነን። ከሁላችን ይልቅ ማሽላ የተበላባቸው አቶ ኡበይደላ ይህን ሲሰሙ፣ «ማሽላዬን ተራ ገብቼ እጠብቃለሁ፤ መርዝ ግን በዚህ ተራራ አይበተንም» ብለዋል።

እኔም አልበትንም። በጣም ተናድጃለሁ፣ ይህንንም አልደብቅዎትም። ኬሻውን ሳልፈታው ከቢሮዎ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቢያባርሩኝ ያለ ደመወዝ እጠብቃለሁ፤ ያስመነጠራችሁትንም ቀጋና አጋም ከሕዝቡ ጋር መልሰን እንተክላለን።

ለረጅም ዕድሜዎ የምትጸልይ፣ ለትእዛዝዎ ግን የማትታዘዝ፣
ታማኝ አገልጋይዎ እታፈራሁ ተፈራ

ማስታወሻ፦ የመርዙ ትእዛዝ ማኅተም እንጂ ስምም ፊርማም የለውም። ዝንጀሮዎች እንኳ ማሳ ሲወርዱ አንዱ ኃላፊነት ወስዶ፣ ሁሉም በሚያየው ቋጥኝ ላይ ይቆማል።