ሦስት ክሬዲት የቀራቸው የመቶ አለቃ በዛብህ ኃይለመስቀል የሕይወት ታሪክ

የመቶ አለቃ በዛብህ ኃይለመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል ይርዳውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተጻድቅ ሸዋዬ መጋቢት 12 ቀን 1923 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡና እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ያኔ ከዚያ በላይ ያልገፉት አባታቸው ስላረፉና ታናሽ ወንድማቸውን ደመቀን፣ ማለትም የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ማሳደግ ስለነበረባቸው ነው። ይህን ጸሐፊው መቼም አይረሳውም።

በ1943 ዓ.ም. በፖሊስነት ተቀጠሩ። ከተራ ፖሊስነት እስከ መርማሪነት አገልግለው፣ በ1955 ዓ.ም. የስድስት ወር የመርማሪዎች ኮርስ ጨርሰው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ምልምል ፖሊሶችን ስለ አያያዝና ስለ ብርበራ አስተማሩ። ሰው እንዴት እንደሚያዝ፣ ማዘዣ ከማን እንደሚወጣ፣ ቤት እንዴት እንደሚፈተሽ ከእሳቸው ያልተማረ በከተማው ፖሊስ ጣቢያዎች ጥቂት ነው። ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አራቱ ተማሪዎቻቸው ናቸው።

በ1951 ዓ.ም. ወ/ሮ ተሻለች ሰብስቤን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው በኮልፌ 18 ማዞሪያ ቤት ሠርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሥራቸውን ቤት ድረስ ይዘውት ይመጡ ነበር። የልጆቻቸውን ኪስ እንኳ እናታቸው በምስክርነት ሳይቆሙ ፈትሸው አያውቁም፤ ያገኙትን ብይ ቆጥረው ዝርዝሩን ልጁን ያስፈርሙት ነበር።

ይኸው ጠባያቸው ነው ጉድ ያደረጋቸው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በሰፈሩ አሰሳ ሲደረግ የቀበሌ ጠባቂዎች ጠዋት ቤታቸው ገቡ፤ ፈትሸውም ምንም ስላላገኙ ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ በሩን ይዘጋል። የመቶ አለቃ በዛብህ ግን እስከ በሩ ተከትለው፣ «ልጆች፣ ዝርዝር ሳትጽፉ፣ ምስክር ሳታስፈርሙ ከሰው ቤት አትወጡም» ብለው መለሷቸው። ጎረቤቶቻቸውን አቶ ቱሉንና ወ/ሮ ካሳነሽንም ራሳቸው ጠርተው ለምስክርነት አቆሙ። ጠባቂዎቹ ለመጻፍ ሲሉ አልጋ ሥር የነበረውን ሻንጣ እንደገና ከፈቱና ያን የ1955ቱን የምስክር ወረቀት አገኙት። ራስጌው ላይ ዘውድ ታትሞበታል። «ዘውድ ያለበት ወረቀት፣ አንድ» ተብሎ ተመዘገበና ተወሰደ። እሳቸውም ፈርመው፣ የዝርዝሩን ቅጂ ማኅተም አስደርገው ተቀበሉ። ወ/ሮ ተሻለች፣ «ሰዎቹ ወጥተው ነበር እኮ! ምን ቢነካዎት ነው የመለሷቸው?» ሲሉ አለቀሱ። እሳቸው ግን የዝርዝሩ አጻጻፍ ደህና መሆኑን ነበር የተናገሩት። ስለዚያ ወቅት ከዚህ በላይ መጻፍ አይመችም።

በ1971 ዓ.ም. ዲፕሎማ የሌለው አያስተምርም የሚል መመሪያ ወጣና ከማስተማር ተነሥተው መዝገብ ቤት ተመደቡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቀደም ብለው በማታ ጨርሰው ስለነበር፣ ጡረታ ሳይወጡ ወደ ማስተማሩ ለመመለስ በሃምሳ ዓመታቸው በአንድ ኮሌጅ የማታ የሕግ ትምህርት ጀመሩ። ከሥራ ወጥተው፣ ፌርማታ ላይ ተጋፍተው፣ ከልጃቸው እኩያዎች ጋር እየተቀመጡ እስከ 1976 ዓ.ም. ሁሉንም ኮርስ ጨረሱ። የቀራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ አያያዝና ብርበራ፣ ሦስት ክሬዲት። ኮርሱ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ይሰጥ ነበር።

የኮሌጁ ደንብ ትምህርቱን በሥራ ላይ የሚያውቅ ሰው ክሬዲቱ ይያዝለታል ስለሚል አመለከቱ። ዋናውን የምስክር ወረቀት ያምጡ ተባሉ። የብርበራውን ዝርዝር ይዘው ቢቀርቡ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ፣ «ይህ ወረቀት መወሰዱን ያስረዳል እንጂ መማርዎን አያስረዳም» አሏቸው። ቀበሌ ሲሄዱ ከበላዩ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተልኳል ተባሉ፤ ከፍተኛ ሲሄዱ አልደረሰንም ተባሉ። ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ ለኮሌጁ፣ «ወረቀቱ ይቅርና እኔን ጠይቁኝ፤ ካላወቅሁ ጣሉኝ» ብለው ጻፉ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የመጣው መልስ የሚጠይቅ ኮሚቴ አልተቋቋመም የሚል ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በዚህ ተናዶ አንድ የሚያውቀው ሰው ያን ወረቀት አስመስሎ ሊሠራላቸው እንደሚችል ቢነግራቸው ከቤታቸው አባረሩት፤ ሁለት ወርም አላነጋገሩትም።

በ1978 ዓ.ም. ኮርሱ ሲከፈት እንደ ማንም ተማሪ ተመዘገቡ። ወጣቱ አስተማሪ ማንነታቸውን ሲያውቅ ጠመኔውን ሰጥቷቸው ሦስት ሳምንት እሳቸው አስተማሩ፤ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ማስታወሻ ያዘ። ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል ገቡና ፈተናው አመለጣቸው። ውጤታቸው «ያልተሟላ» ተብሎ ተለጠፈ። መጋቢት ላይ ጡረታቸው ደረሰ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ተሻለች፣ ልጆቻቸው ጽጌማርያም፣ ሰርኬና መሸሻ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው እንዲሁም ወንድማቸው ደመቀ በሐዘን ላይ ናቸው።

ከኮሌጁ ሁለት ሰዎች የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተዋል። ጸሐፊው አበባውን ሊመልሰው ነበር፤ ወ/ሮ ተሻለች ተቆጥተው ከለከሉት። ስለዚህ ቤተሰቡ ያመሰግናል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ይስጥ። እናንተ ከኮሌጁ የመጣችሁ ደግሞ፣ ነገ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ማመልከቻ ይዞ ቢመጣ፣ እባካችሁ ወንበር ስጡትና አንድ ጥያቄ ጠይቁት።