ስለ ስድስቱ እንቁላሎችና ስለታገደው የኩሬ ጥበቃ

ይድረስ ለተከበሩት የጥብቅ ሥፍራው ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። በዚህ ጸደይ ጎብኚዎች ያዩትን እንስሳ ሁሉ እንዲመዘግቡ ባወጡት ጥሪ መሠረት፣ እኔ ጡረተኛው የሳይንስ መምህር ከታላቅ እህቴ ጋር መጥቼ ሃያ ሦስት ዓይነት ወፍና ሁለት ኤሊ በመመዝገቤ የምስጋና ወረቀት ሰጥተውኛል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር የምመልስበትን ምክንያት በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ቅጽዎ «ፎቶ የሌለው ምዝገባ ተቀባይነት የለውም» ስለሚል፣ ሸምበቆው ውስጥ እንቁላል የታቀፈች የዱር ዳክዬ ባየሁ ጊዜ ወደ ኩሬው ወረድኩ። የኩሬው ጥበቃ ተከትሎኝ መጥቶ «ጋሼ፣ እባክዎ ይመለሱ። አንዴ ከደነበረች ላትመለስ ትችላለች» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ከሰው አፍ ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ቅጹን አሳይቼ «የአለቃህ ትእዛዝ ነው» ብዬው አለፍኩ። ዳክዬዋ በረረች። ፎቶ አነሳሁና በሚያምር የእጅ ጽሕፈቴ «እንቁላል፣ ስድስት» ብዬ ሞላሁ።

፪ኛ፦ ያነሳሁትን ፎቶ በማግስቱ ከነአቅጣጫው መግቢያው በር ላይ ስለለጠፉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሕዝቡ ጎጆውን ያለ ችግር አገኘው። በአራተኛው ቀን ስመለስ ሸምበቆው ተረግጦ መንገድ ሆኗል፤ ከእንቁላሎቹም ቁራ የተወው ቅርፊት ብቻ ቀርቷል።

፫ኛ፦ ጥፋተኛ ለማግኘት ያሳዩት ፍጥነት የሚደነቅ ነው። ኮሚቴ ሰብስበው፣ ጥበቃውን ፊትዎ አቁመው፣ ለእኔ ወንበርና ለስላሳ አስቀርበው «አስጠንቅቆዎት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አላስታውስም» አልኩ። ቃል በቃል አስታውስ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ በእኔ ፈንታ ያፈረ ይመስል ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እርስዎም መልሴ ስለተመቸዎት ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ፎቶውን ማን እንደለጠፈው ሳይነሳ እሱ ከሥራ ታገደ፣ እኔ ተመሰገንኩ።

ስንወጣ፣ በኩሬውም በኮሚቴውም አብራኝ የነበረችው እህቴ «እንኳን እናታችን ይህን ሳታይ ሞተች» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ባለፈው እሑድ የጥበቃውን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። ባለቤቱ በር ከፈተችልኝ፤ እሱ ወንበር ስቦ «ይቀመጡ ጋሼ» አለኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰማና «እኔማ ያልኩትን አውቃለሁ። ለማያውቁት ይንገሩ» አለኝ።

ስለዚህ እነግራለሁ፦ አስጠንቅቆኛል፤ ሰምቻለሁ፤ ዋሽቻለሁ። በዚያው ኮሚቴ ፊት፣ በዚህ ጊዜ ቆሜ፣ ለመድገም ዝግጁ ነኝ። ሰውየውም ወደ ሥራው እንዲመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ከሁላችን ሥራውን የሠራ እሱ ብቻ ነበርና።

ምስጋናዎ ያልተገባው፣ ወቀሳዎን ግን ተራ ይዞ የሚጠብቅ፣ አንገቱን የደፋ ታዛዥዎ፤
ጡረተኛው መምህር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን በግልጽ ያወጣሁት ደፍሬ አይደለም። መጀመሪያ ከቢሮዎ ደጃፍ ባለው የአስተያየት ሳጥን ልከተው ሞክሬ ነበር፤ ውስጡ ተርብ ጎጆ ሠርቷል። በዓመታት ውስጥ ማንም ከፍቶት ስለማያውቅ፣ በግቢዎ ሙሉ ጥበቃ የተደረገለት ጎጆ እሱ ብቻ ነው።