ትራምፔትህን ይዘህ የወጣህበት ሠርግ

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ለምዶ ነው እንጂ ውስጤ እየተንተከተከ ነው። እሁድ ረፋድ ላይ ለልምምድ እየተዘገጃጀሁ ሬዲዮ ስከፍት ድምፅህን ሰማሁ። ጋዜጠኛዋ «ሁሉንም ዓይነት ሙዚቃ የምትጫወተውን ቤዝ ጊታሪስት ልጅዎን ማን አስተማራት?» ስትልህ ጉሮሮህን ጠርገህ «እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን?» አልክ። የያዝኩት ኬብል ከእጄ ወደቀ።

አንተ?

ያስተማረኝማ የእማዬ ወንድም ነው፤ በያጁ አጎቴ። ከተዘጋ የምሽት ክበብ አንገቱ የተሰበረ ቤዝ ጊታር አምጥቶ፣ በብረት ደግፎ የሰጠኝ እሱ ነው። ሙዚቃ አልተማረም፤ ግን ከሬዲዮ በጆሮዬ የለቀምኩትን ስመታ ብየዳውን አቁሞ «እዚች ጋ ትንሽ ተንሸዋረረችብሽ» ይለኝ ነበር። አንተስ? ትራምፔትህን እየወለወልክ «ደግሞ ቤዝ! ኖረ አልኖረ ማን ይሰማዋል?» አልክ። እማዬ «ተዋት እንጂ፣ ምን አደረገችህ?» ብትልህ በሩን አላግተህ ወጣህ።

እኔ ግን አልተውኩም። በመዘምራን ጀመርኩ። የቲያትር ቤቱ ቤዝ መቺ ሲታመም ያለ ልምምድ ኖታ እያነበብኩ ተተካሁ። ጃዝ ሲሉኝ ጃዝ፣ ሬጌ ሲሉኝ ሬጌ፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሕፃናት መዝሙር እንኳ አልቀረኝም። ሰው «ሁለገብ» ይለኛል። ወድጄው ነው፣ አልዋሽም። ግን ደግሞ አንዱ ቦታ «አታስፈልጊም» ብባል መሄጃ እንዳላጣ ብዬም ነው። ካንተ የተማርኩት ነገር ካለ ይሄ ፍርሃት ነው።

ሠርጉንስ እንዴት ትረሳዋለህ? የባንዱ መሪ፣ ያ ወፍራሙ ኪቦርዲስት፣ አባትና ልጅ መሆናችንን ሳያውቅ ሁለታችንንም ቀጠረን። ያን ቀን ሸሚዜን ሁለቴ ተኩሻለሁ፤ ካንተ ጎን ልቆም ነዋ! ገብተህ ክር ስቃኝ አየኸኝ።

«ይቺ ከመታች እኔ አልነፋም!» አልከው።

«ኧረ ጋሼ፣ ሙሽሮቹ እኮ በር ላይ ናቸው!»

«ምረጥ!»

መልሱን እንኳ አልጠበቅክም። ትራምፔትህን ሳጥኑ ውስጥ ከተህ ወጣህ። ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

የመግቢያው ዜማ ያንተ ነበር። ኪቦርዲስቱ «አሁን ምን ይዋጠኝ?» እያለ ሲያልበው «ቁጠርልኝ» አልኩት። ያንተን ዜማ በቀጫጭኖቹ ክሮች፣ የራሴን በወፍራሞቹ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ መታሁት። አዳራሹ በጭፈራ ተናወጠ። ሲያልቅ ሰውዬው ላቡን እየጠረገ «አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን ሙሉ ባንድ ነሽ!» አለኝ። እስካሁን ሙዚቀኛው ሁሉ «ሙሉባንድ» እያለ ይጠራኛል።

አንተ ግን በሬዲዮ «ራሷን እንድትችል ሆን ብዬ ነው ትቻት የወጣሁት» አልክ። ኧረ አባዬ! ንቀትህን አጥበህና ተኩሰህ ትምህርት ነው ልትለው?

አጎቴ አብሮኝ ሲሰማ ነበር። ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ «አባትሽ ነው፣ ተይው» አለኝ። «ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለማለቱ ካንተ ውሸት ይበልጥ አንገበገበኝ።

አሁን ደግሞ በወንድሜ በኩል «በኮንሰርቷ ላይ አብሬያት ልንፋ» ብለህ ልከህብኛል። እሺ። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ና። አጎቴም ይኖራል። በእሱና በባንዱ ፊት «ያን ቀን የወጣሁት ስለናቅኳት ነው» በል። ሌላ ማብራሪያ አልፈልግም። ይህን ካልክ ከጎኔ ቦታ አለህ።

አልችልም ካልክ እንደ ሰው ሁሉ ትኬት ቆርጠህ ግባ። ግን አንዴ ከተቀመጥክ በኋላ፣ እስከ መጨረሻው እንዳትነሳ።

ያላስተማርካት ልጅህ